ፎርማት የሚለውን ከመንካትዎ በፊት፦ ታብሌት ሃርድ ዲስክ አላነብ ሲል ችግሩ የት ነው?

ታብሌት ላይ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰክተው «በዚህ ድራይቭ ላይ ችግር አለ፤ ለማስተካከል ይንኩ» የሚል ማሳወቂያ ሲመጣ ጣት ወዲያው ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። አንድሮይድ «ማስተካከል» የሚለው ነገር ጥገና አይደለም፤ ፎርማት ማድረግ ነው። የሰርግ ቪዲዮ ይሁን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የአሥር ዓመት የቤተሰብ ፎቶም ቢሆን፣ በሁለት ንክኪ ይጠፋል። ይበልጥ የሚያሳዝነው ይህ መልእክት የሚመጣበት ድራይቭ ብዙ ጊዜ ጤነኛ መሆኑ ነው። ወይ በቂ ኃይል አልደረሰውም፣ ወይ ኬብሉ ዳታ አያስተላልፍም፣ ወይ ደግሞ ታብሌቱ በማያውቀው ፋይል ሲስተም (ፋይሎች በሚመዘገቡበት ደንብ) የተዘጋጀ ነው። ሦስቱም ፋይል ሳይጠፋ የሚፈቱ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉን ከጠበቁ።

ታብሌት እንደ ኮምፒውተር ድራይቭ ማንበብ ከጀመረ ረጅም ጊዜ አልሆነውም። አንድሮይድ ይህን ችሎታ ያገኘው በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.1 እትሙ ነው። አይፓድ ደግሞ ፋይልስ በተባለው መተግበሪያው ውጫዊ ድራይቭ መክፈት የቻለው በ2019 ከአይፓድኦኤስ 13 ጀምሮ ነው። ፍላጎቱ ግን በፍጥነት አድጓል። በአዲስ አይፎን በ4ኬ ጥራት፣ በሰከንድ 30 ፍሬም የተቀረጸ ቪዲዮ በተጨመቀው አቀማመጥ እንኳ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ አንድ ሰዓት 10 ጊጋባይት ገደማ ማለት ነው። 64 ጊጋባይት ብቻ ባለው ታብሌት ይህን ይዞ መዝለቅ አይቻልም። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪና ቪዲዮ አንሺ ወደ ውጫዊ ድራይቭ የሚዞረው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ማውስ ይሰኩ

ከሁሉ በፊት ችግሩን ለሁለት የሚከፍል ቀላል ፈተና አለ። ድራይቩን ይንቀሉና በዚያው አዳፕተር፣ በዚያው ቀዳዳ ተራ ባለገመድ ማውስ ይሰኩ። ማውስ የሚፈልገው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ቀዳዳውና አዳፕተሩ ደህና ከሆኑ ስክሪኑ ላይ ቀስት ወይም ክብ ጠቋሚ ይመጣል። አይፓድም ከ13.4 እትም ጀምሮ ማውስ ይቀበላል።

ጠቋሚው ከመጣ፣ ታብሌቱ መሣሪያ ማስተናገድ ይችላል፤ አዳፕተሩም ትክክለኛ ነው። ቀሪው ጥርጣሬ የድራይቩ የኃይል ፍላጎት፣ የድራይቩ የራሱ ኬብል፣ ፋይል ሲስተሙ ወይም ድራይቩ ራሱ ላይ ነው። ጠቋሚው ካልመጣ ስለ ድራይቩ ገና ምንም ማለት አይቻልም፤ አዳፕተሩን፣ ቀዳዳውንና ሴቲንግን ይመልከቱ።

አንድሮይድ ላይ ሁለተኛ ፈተና አለ። የተሰኩ የዩኤስቢ መሣሪያዎችን ዝርዝር የሚያሳዩ ነፃ አፖች በፕሌይ ስቶር ይገኛሉ። ድራይቩ ተሰክቶ እያለ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የአምራቹና የምርቱ መለያ ቁጥር ከታየ፣ ኃይልና ኬብል ቢያንስ ለመተዋወቅ በቅተዋል። ፋይሎቹ አሁንም የማይታዩ ከሆነ ጥያቄው የፋይል ሲስተም ይሆናል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ግን ስለ ፎርማት ማሰብ ከንቱ ነው፤ ታብሌቱ ድራይቩ መሰካቱን እንኳ አላወቀም።

ኃይል፦ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ

በዩኤስቢ ደንብ አንድ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በ5 ቮልት 500 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ይሰጣል። የዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳ ደግሞ እስከ 900 ሚሊ አምፔር ወይም 4.5 ዋት ይሰጣል። ለተራ ፍላሽ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ግን በውስጡ የሚሽከረከር ሞተር አለው፤ ሞተሩ ከቆመበት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ወደ 1 አምፔር የሚጠጋ ይጠይቃል። ከተነሳ በኋላ የሚበላው ያንሳል። ችግሩ ያለው በዚያች መነሻ ላይ ነው፤ ታብሌቱ ያን ያህል መስጠት ካልቻለ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ዲስኩ ይጠፋል፣ እንደገና ሊነሳ ይሞክራል፣ እንደገና ይጠፋል።

ምልክቱ በጆሮና በዓይን ይታወቃል። መብራቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ዲስኩ በየሁለት ሦስት ሰከንዱ ቀጭ እያለ ይደጋግማል፣ ማሳወቂያው ይመጣና ይሄዳል። አይፓድ ላይ «ይህ መሣሪያ ብዙ ኃይል ይፈልጋል» የሚል ግልጽ መልእክት ሊመጣ ይችላል። አንዳንዴም ዲስኩ ተነስቶ ትንንሽ ፋይሎችን በደህና ያነብና ትልቅ ፋይል መገልበጥ ሲጀመር ይቋረጣል። ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር፣ በቺፕ የሚሠራ ፈጣን ድራይቭ) በያዙ ውጫዊ ሳጥኖችም ይህ ያጋጥማል፤ ሞተር ባይኖራቸውም ሲጽፉ የሚስቡት ኃይል ይጨምራል።

ባለ 3.5 ኢንቹ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ደግሞ 12 ቮልት ስለሚፈልግ የራሱ አዳፕተር ግድግዳ ላይ ካልተሰካ በምንም ታብሌት አይነሳም። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ አዳፕተሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን መግቢያ ቮልቴጅ ያንብቡ፦ 100-240 ካለ በእኛ 220 ቮልት ያለ ስጋት ይሠራል፤ 120 ብቻ ካለ አይሰኩት።

የኃይል እጥረት መፍትሔው ከውጭ ኃይል የሚቀበል ሃብ (አንዱን ቀዳዳ ለብዙ የሚያከፋፍል መሣሪያ) ነው። ለታይፕ ሲ ታብሌት፣ ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው ሃብ ይምረጡ፤ ድራይቩም ታብሌቱም ከቻርጀሩ ይመገባሉ። ላይትኒንግ የተባለው የአፕል ቀዳዳ ላለው አሮጌ አይፓድ፣ ጎኑ ላይ የቻርጀር ቀዳዳ ያለው የዩኤስቢ 3 ካሜራ አዳፕተር ያስፈልጋል፤ ያለ ቻርጀር ቀዳዳ የሚሸጠው ትንሹ አዳፕተር ብዙ ፍላሾችን እንኳ አያነሳም። ለሃርድ ዲስክ ሁለት ራስ ያለው የድሮ ኬብል ያላቸው ሰዎች አንዱን ራስ ታብሌቱ ላይ፣ ሁለተኛውን ቻርጀር ወይም ፓወርባንክ ላይ ሰክተው ሊገላገሉ ይችላሉ።

እዚህ ላይ በአገራችን ሁኔታ ትልቅ ቦታ ያለው ነገር አለ። ቻርጀር የተሰካበት ሃብ፣ መብራት በጠፋበት ቅጽበት፣ ኃይል ከመቀበል ወደ ከታብሌቱ መሳብ ይዞራል። ይህ ሽግግር በብዙ ሃቦች ላይ ለአፍታ ድራይቩን ኃይል ያሳጣዋል። መብራት ሲመለስም ያው መቋረጥ ይደገማል። የ80 ጊጋባይት ቪዲዮ እየተገለበጠ ከነበረ፣ ያለማስጠንቀቂያ ድራይቩን እንደመንቀል ነው። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ረጅም ግልበጣ ሲኖር ሃቡን ከግድግዳው ይልቅ በቂ ኃይል ካለው፣ ፒዲ (በታይፕ ሲ ከፍ ያለ ኃይል የሚሰጥበት ደንብ) ከሚደግፍ ፓወርባንክ ላይ ይሰኩት። ካልሆነ ኤስኤስዲውን ያለ ሃብ በቀጥታ ሰክተው ታብሌቱን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ያድርጉ። ሃብ ሲጠቀሙም ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቻርጀሩን ከሃቡ ጋር፣ ሃቡን ከታብሌቱ ጋር፣ ድራይቩን በመጨረሻ። ፋይል እየተገለበጠ እያለ ቻርጀር መሰካትም ሆነ መንቀል የለበትም።

ኬብልና አዳፕተር

ታይፕ ሲ ኬብል ሁሉ አንድ ይመስላል፤ አይደለም። ከአንዳንድ ርካሽ ቻርጀሮች ጋር የሚመጣው ኬብል የኃይል ሽቦ ብቻ ያለው፣ የዳታ ሽቦ የሌለው ነው። የዲስኩ መብራት ይበራል፣ ሞተሩ ይሽከረከራል፣ ታብሌቱ ግን ምንም አያይም። የዲስኩ መብራት ስለበራ ዳታ ያልፋል ማለት አይደለም። ፈተናው ቀላል ነው፦ በዚያ ኬብል ስልክዎን ከኮምፒውተር ጋር ያገናኙና ፎቶ ለመገልበጥ ይሞክሩ።

አሮጌ ታብሌቶች ያላቸው ማይክሮ ዩኤስቢ ነው፤ እዚያ ላይ ኦቲጂ የሚባለው ኬብል ያስፈልጋል። ከአምስቱ እግሮች አራተኛው በኬብሉ ውስጥ ከአምስተኛው (ከግራውንዱ) ጋር ተገናኝቷል፤ ታብሌቱ «አሁን አስተናጋጁ እኔ ነኝ» ብሎ የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው። ያ ግንኙነት የሌለው አዳፕተር ቅርጹ ቢገጥምም አይሠራም።

በታይፕ ሲ ይህን ሥራ የሚሠራው 5.1 ኪሎ ኦም የሆነ ትንሽ ሬዚስተር ነው። ታብሌቱ ሬዚስተሩን በኬብሉ ጫፍ ሲያገኝ ኃይል መስጠት ይጀምራል። አንዳንድ ርካሽ የዲስክ ሳጥኖች ይህን ሬዚስተር ሳያካትቱ ይሠራሉ። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው፦ ሳጥኑ በታይፕ ሲ ለታይፕ ሲ ኬብል ሞቶ ይቀራል፣ ከታይፕ ኤ (ከተለመደው ሰፊ የዩኤስቢ ራስ) ወደ ታይፕ ሲ በሚሄድ ኬብልና በኦቲጂ አዳፕተር በኩል ግን ወዲያው ይነሳል። ይህ ከገጠመዎት ድራይቩም ታብሌቱም ደህና ናቸው፤ ያንን ኬብልና አዳፕተር ይዘው ይቀጥሉ።

ታይፕ ሲን ገልብጦ መሰካትም ቁም ነገር ያለው ሙከራ ነው። በአንዱ ፊት ሠርቶ በሌላው ፊት ካልሠራ ከመገናኛ እግሮቹ አንዱ ቆሽሿል ወይም ተበላሽቷል። ኪስ ውስጥና ቦርሳ ውስጥ የሚውል ታብሌት ቀዳዳው ውስጥ ብናኝ ተጠቅጥቆ ኬብሉ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ ቻርጅ ለማድረግ ይበቃል፣ ለዳታ ግን አይበቃም። ታብሌቱን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው በእንጨት ስቲኪኒ ቀስ አድርገው ያውጡት። መርፌና የብረት ነገር አይጠቀሙ።

ሴቲንግና ትዕግሥት

ኦፖ፣ ሪልሚ፣ ቪቮና ዋንፕላስ በሚያመርቷቸው ብዙ መሣሪያዎች ላይ ኦቲጂ ለብቻው የሚበራ ቁልፍ አለው፤ ሳይጠቀሙበት 10 ደቂቃ ያህል ከቆየም ራሱን ያጠፋል። ትናንት የሠራ ድራይቭ ዛሬ እንቢ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ በመፈለጊያው «ኦቲጂ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉና ያብሩት።

አይፓድ ላይ የደኅንነት ጥበቃ አለ። ስክሪኑ ከተቆለፈ አንድ ሰዓት ካለፈው በኋላ አዲስ የተሰካ መሣሪያ ዳታ እንዲያስተላልፍ አይፈቅድም፤ በፓስኮድ ወይም በፊት ገጽታ መለያ መክፈት ያስፈልጋል። ስለዚህ አይፓዱን ከፍተው፣ መነሻ ስክሪኑ ላይ ሆነው፣ ከዚያ በኋላ ድራይቩን ይሰኩት፤ ፈቃድ ከጠየቀም ይስጡ።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ደግሞ ይህ ነው። አንድሮይድ ድራይቭን ከመክፈቱ በፊት መዝገቡን፣ ማለትም የፋይሎቹን ዝርዝር፣ ይፈትሻል። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ፋይል የያዘ 2 ቴራባይት ዲስክ ባለፈው ጊዜ በድንገት የተነቀለ ከነበረ ፍተሻው ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ማሳወቂያው «እየተፈተሸ ነው» እያለ ሰው ተሰላችቶ ሲነቅለው፣ ያልነበረ ብልሽት ይፈጠራል። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይስጡት።

ፋይል ሲስተም፦ መዝገብ ቤቱ የሚሠራበት ደንብ

አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገብተው ዶሴ ቢፈልጉ፣ ዶሴው የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚነግርዎት ትልቁ መዝገብ ነው። ፋይል ሲስተም ይህ መዝገብና የአያያዙ ደንብ ነው። ዶሴዎቹ ሁሉ በቦታቸው ቢኖሩም፣ መዝገቡ በማያውቁት ደንብ የተጻፈ ከሆነ አንዱንም ማግኘት አይችሉም። ታብሌቱ «ድራይቩ ተበላሽቷል» የሚለው ብዙ ጊዜ «ይህን መዝገብ ማንበብ አልችልም» ማለቱ ነው። ፎርማት ማድረግ ደግሞ አሮጌውን መዝገብ ጥሎ ባዶ መዝገብ መክፈት ነው።

ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ዋናው ደንብ ኤንቲኤፍኤስ ነው፤ ሱቅ ውስጥ የሚሸጡ ብዙ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮችም በዚሁ ተዘጋጅተው ይመጣሉ። አንድሮይድ በመደበኛነት አይደግፈውም። አንዳንድ የታብሌት አምራቾች በራሳቸው ጨምረውታል፤ ስለዚህ አንዱ ታብሌት ከፍቶት ሌላው እንቢ ማለቱ አያስገርምም። አፕልም ለአይፓድ ከዘረዘራቸው ደንቦች ውስጥ ኤንቲኤፍኤስ የለም። ዝርዝሩ ኤፒኤፍኤስ፣ ኤችኤፍኤስ ፕላስ፣ ኤክስፋት፣ ፋት32ና ፋት ነው። አይፓድ በተጨማሪ ድራይቩ አንድ የዳታ ክፍል ብቻ እንዲኖረው ይፈልጋል፤ ለሁለት ሦስት ፓርቲሽን የተከፈለ ዲስክ ያስቸግራል።

ከውጭ አገር በሰው እጅ የሚላክ ድራይቭ የራሱ ጣጣ አለው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለ ዘመድ የቤተሰቡን ቪዲዮ በማክ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ሲልክ፣ ድራይቩ ብዙ ጊዜ በኤፒኤፍኤስ ወይም በኤችኤፍኤስ ፕላስ የተዘጋጀ ነው። አይፓድ ላይ ያለ ችግር ይከፈታል። አዲስ አበባ ያለው የአንድሮይድ ታብሌት ግን «ተበላሽቷል፣ ላስተካክል?» ይላል። ዊንዶውስም ከዚያ አይሻልም፤ ፎርማት ላድርገው ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱንም እምቢ ይበሉና ማክ ያለው ሰው ፈልገው ፋይሉን ወደ ኤክስፋት ድራይቭ ያስገልብጡ። ከተቻለ ደግሞ ላኪውን አስቀድሞ «ኤክስፋት አድርገህ ጫንልኝ» ማለት ሁሉንም ነገር ያቀላል።

ፋት32 በየትኛውም መሣሪያ ላይ ይከፈታል፤ ግን አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም። ፍላሹ ላይ 50 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እየታየ «ቦታ የለም» ወይም «ፋይሉ ትልቅ ነው» የሚለው መልእክት ምንጩ ይህ ነው። ከላይ በጠቀስነው የ4ኬ መጠን፣ ሳይቋረጥ የተቀረጸ ቪዲዮ 24 ደቂቃ ሲሞላ ከዚህ ጣሪያ ጋር ይጋጫል።

ስለዚህ ለታብሌት የምንመርጠው ኤክስፋት ነው። ማይክሮሶፍት በ2006 አወጣው፤ ለትልልቅ ፋይሎች የተሠራ ነው፤ ዊንዶውስም ማክም አይፓድም ያነቡታል፣ ይጽፉበታልም። አሮጌና ርካሽ የአንድሮይድ ታብሌቶች የማያውቁት ምክንያት ቴክኒካዊ ሳይሆን የፈቃድ ክፍያ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2019 ዝርዝር ደንቡን ለሕዝብ ክፍት ካደረገና በ2020 ሳምሰንግ የጻፈው ኮድ የሊኑክስ 5.7 ከርነል (አንድሮይድ የተመሠረተበት ዋና ኮድ) አካል ከሆነ በኋላ በአዳዲሶቹ ላይ እየተለመደ መጥቷል። ታብሌትዎ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነና ኤክስፋትን ካላነበበ ፋት32 ብቸኛው መንገድ ነው።

ኤክስፋት ድክመት አለበት፤ ሊታወቅ ይገባል። ፋት32 የመዝገቡን ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ ኤክስፋት ግን በተለመደው አሠራሩ አንድ ብቻ። ኤንቲኤፍኤስ ያለው የለውጥ ማስታወሻም የለውም። በጽሕፈት መካከል ከተነቀለ የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ከኤንቲኤፍኤስ ወደ ኤክስፋት ፋይል ሳይነካ የሚቀይር መንገድ ዊንዶውስ ውስጥ የለም። መጀመሪያ ሁሉንም ፋይል ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፤ ጥቂቶቹን ከፍተው መሥራታቸውን ያረጋግጡ። ዊንዶውስ ላይ ድራይቩን በቀኝ ጠቅ ያድርጉና ፎርማት የሚለውን ይምረጡ፤ ፋይል ሲስተሙን ኤክስፋት፣ አሎኬሽን ዩኒቱን ዲፎልት አድርገው ይጀምሩ። ማክ ላይ ዲስክ ዩቲሊቲን ከፍተው፣ በቪው ስር ሾው ኦል ዲቫይስስ ብለው፣ ከላይ ያለውን የዲስኩን ስም መርጠው ኢሬዝ ይበሉ። በስኪም ቦታ ላይ እስከ 2 ቴራባይት ላለ ድራይቭ ማስተር ቡት ሪከርድን ይምረጡ። ጂዩአይዲ ፓርቲሽን ማፕ በተባለው ምርጫ ማክ ከፊት 200 ሜጋባይት የሆነ ድብቅ ክፍል ይፈጥራል፤ አንዳንድ አሮጌ የአንድሮይድ ታብሌቶች በእሱ ይደናገራሉ። ኮምፒውተር የሌለው ሰው በ2024 ከወጣው አይፓድኦኤስ 18 ጀምሮ በአይፓዱ ራሱ፣ ከፋይልስ ውስጥ ድራይቭ ፎርማት ማድረግ ይችላል።

ድራይቩ ይታያል፣ ፋይሉ ግን አይከፈትም

ከአንድሮይድ 11 ወዲህ አፖች እንደ ልባቸው ድራይቭ ውስጥ መግባት አይችሉም። ከታብሌቱ ጋር የመጣው የፋይል መተግበሪያ ሁሉንም እያሳየ ሌላው አፕ ባዶ ነው ቢል፣ በዚያ አፕ ውስጥ ፎልደር ጨምር የሚለውን ነክተው ድራይቩን መርጠው «ይህን ፎልደር ተጠቀም» ብለው ይፍቀዱ።

የተቆለፈ ድራይቭ ሌላ ነው። በቢትሎከር (በዊንዶውስ የራሱ መቆለፊያ) የተዘጋ ፍላሽ፣ ወይም የራሱ የይለፍ ቃል ፕሮግራም ያለው ሃርድ ዲስክ በመደበኛ ታብሌት አይከፈትም፤ ኮምፒውተር ላይ መከፈት አለበት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ የመጣው «እንደ ውስጣዊ ማከማቻ ተጠቀም» የሚል ምርጫ ነው። ሜሞሪ ካርዱ ወይም ድራይቩ በዚያ መንገድ ከተዘጋጀ ይመሰጠራል፤ ቁልፉ የሚቀመጠው በታብሌቱ ውስጥ ብቻ ነው። ታብሌቱ ቢሰበር ወይም ወደ ፋብሪካ ይዞታው ቢመለስ በዓለም ላይ የሚከፍተው የለም። ቤተሰብ ፎቶ ለሚያስቀምጥበት ካርድ ይህን ምርጫ በፍጹም አንመክርም።

ፍጥነትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የ2022ቱ አይፓድ 10ኛ ትውልድ ታይፕ ሲ ቢኖረውም ፍጥነቱ የዩኤስቢ 2.0፣ ማለትም በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው፤ በተግባር ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት። በ35 ሜጋባይት 100 ጊጋባይት ለመገልበጥ 48 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እንደ 2018ቱ አይፓድ ፕሮ ባለ 10 ጊጋቢት ቀዳዳ ላይ፣ በሰከንድ 400 ሜጋባይት የሚጽፍ ኤስኤስዲ ያንኑ ከአራት ደቂቃ ጥቂት በላይ ይጨርሳል። ውድ ኤስኤስዲ ከመግዛት በፊት የታብሌቱን ቀዳዳ ማወቅ ይበጃል። የቻርጀር ኬብልም ብዙውን ጊዜ የዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት ብቻ እንዳለው አይርሱ።

የሐሰት ፍላሽ

«2 ቴራባይት» ተብሎ በተራ ፍላሽ ዋጋ የሚሸጥ ነገር ሐሰተኛ ነው። በውስጡ ያለው ሜሞሪ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ሊሆን ይችላል፤ መቆጣጠሪያ ቺፑ ግን ለታብሌቱ 2 ቴራባይት ነኝ እንዲል ተደርጎ ተቀይሯል። መጀመሪያ የሚጫኑት ፋይሎች በትክክል ይሠራሉ። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም የትም አይጻፍም፤ ስሙና መጠኑ ግን ዝርዝሩ ላይ ይታያል። ስለዚህ ሰው የሚያውቀው ከሳምንታት በኋላ ቪዲዮው አልከፈት ሲለው ነው።

የሚያጋልጠው ፍላሹን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 የተባሉ ነፃ ፕሮግራሞች ይህን ይሠራሉ። ፈተናው ለ64 ጊጋባይት ፍላሽ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ባዶ በሆነ ድራይቭ ላይ ብቻ ይሠራ። ከሻጩ ጋር ሲስማሙ የመመለሻ ቀን ይያዙና በዚያው ቀን ይፈትሹ። 1 ቴራባይት ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ ቢታይ ግን ማጭበርበር አይደለም፤ አምራቹ በ1,000፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው።

በእርግጥ ሲበላሽ

ኃይሉም ኬብሉም ተረጋግጦ፣ ደንቡም ታብሌቱ የሚያውቀው ሆኖ አሁንም ካልተከፈተ፣ መዝገቡ ተጎድቷል ማለት ነው። ዋናው መንስኤ ያለ ስንብት መንቀል ነው። የመገልበጡ አሞሌ መቶ በመቶ ቢልም የመጨረሻው ክፍል ገና በታብሌቱ ጊዜያዊ ማህደር ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንድሮይድ ላይ በማሳወቂያው ውስጥ ኢጀክት የሚለውን ነክተው ይጠብቁ። አይፓድ ላይ ግልበጣው ማለቁን አረጋግጠው፣ የድራይቩ መብራት መብለጭለጭ ካቆመ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ይንቀሉ፤ ግልበጣው እስኪያልቅም ከፋይልስ አይውጡ።

የተጎዳው ፍላሽ ወይም ድምፁ ጤነኛ የሆነ ዲስክ ከሆነ ወደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ይውሰዱት። ከተከፈተ መጀመሪያ አስፈላጊ ፋይሎችን ይገልብጡ፤ ከዚያ በኋላ በቀኝ ጠቅ አድርገው ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ በሚለው በኩል ያስፈትሹ። ካልተከፈተ ቴስትዲስክ የጠፋ ፓርቲሽንን፣ ፎቶሬክ ደግሞ መዝገቡን ትቶ ፋይሎቹን በቀጥታ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ዶሴዎቹ መደርደሪያው ላይ ስላሉ ይገኛሉ፤ ስማቸው ግን ላይመለስ ይችላል። የተገኘውን ሁልጊዜ በሌላ ድራይቭ ላይ ያስቀምጡ። በተጎዳው ላይ መልሶ መጻፍ ያልተገኘውን ይደመስሳል። በስህተት ፎርማት የተደረገ ፍላሽም እዚህ ይገባል፦ ምንም አዲስ ነገር ካልተጫነበት ተስፋ አለው። ኤስኤስዲ ግን ነፃ የተባለውን ቦታ በራሱ ጊዜ ስለሚያጸዳ ተስፋው ያንሳል፤ ወዲያው ነቅለው ያስቀምጡት።

በቂ ኃይል ባለው ሃብ ወይም በላፕቶፕ ላይ ተሰክቶም ቀጭ ቀጭ ማለቱን ያላቆመ ሃርድ ዲስክ ከዚህ ሁሉ ይለያል። የሚያነበው ራስ ተጎድቷል፤ በተነሳ ቁጥር ገጹን ሊቧጥጥ ይችላል። አይሰኩት፣ ፕሮግራም አያስኬዱበት። ወደ ባለሙያ ሲወስዱ መጀመሪያ የታየው ምልክት ምን እንደነበር፣ ወድቆ እንደሆነ፣ በየትኛው ፋይል ሲስተም እንደተዘጋጀ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተሞከረበት ይንገሩ። የዩኤስቢ ቀዳዳው ብቻ የተሰበረ ከሆነም፣ አንዳንድ ዲስኮች ቀዳዳው ከራሱ ከዲስኩ ሰሌዳ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ በመሆኑ አውጥቶ ሌላ ሳጥን ውስጥ መክተት እንደማይቻል ይወቁ፤ ቀዳዳውን በብየዳ መቀየር ያስፈልጋል። የዲስኩን የብረት ክዳን ግን ማንም በተራ ክፍል ውስጥ እንዲከፍተው አይፍቀዱ። የሚያነበው ራስ ከዲስኩ ገጽ በላይ የሚንሳፈፍበት ክፍተት ዓይን ከሚያየው ብናኝ እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ አንዲት ቅንጣት አቧራ የቀረውን ሁሉ ትቧጥጣለች።